ከጨረሩ ፊት የቆመው

የማዕከሉ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል እንደ ማንኛውም አዲስ ሆስፒታል ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ የሚያንሸራትት ወለል፣ በረንዳው ላይ ካርድ ይዘው የሚጠብቁ በሽተኞች፣ ከሱሉልታ ሜዳ እየመጣ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ማስተዋል የምትሠራው ግን ከዚያ ሁሉ በታች ነው። ደረጃውን ሲወርዱ መጀመሪያ የሰው ጫጫታ ይቀራል፣ ቀጥሎ የስልክ ኔትወርክ ይቀራል፣ በመጨረሻ ቀኑ ራሱ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በቧንቧ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚያሰማው ጉምጉምታ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ወፍራም የሲሚንቶ ግድግዳ የሚተፋው እርጥበት፣ ጨረር በተለቀቀ ቁጥር ደግሞ መብረቅ እንደወደቀበት ሜዳ ለአፍታ አፍንጫን የሚነዝር ሽታ ነው። ላልለመደው ሰው የሚያፍን ቦታ ነው። እሷ ግን ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ከላይኛው ጫጫታ ይሻለኛል ትላለች።

ሥራዋ ጊዜ መለካት ነው። ዕጢን በጨረር በሚገድለው በተለመደው የፕሮቶን ሕክምና በሽተኛው አልጋ ላይ ተጋድሞ ጨረሩ ደቂቃዎች ወስዶ ቀስ እያለ ይሰጠዋል። አዲሱ አሠራር ግን ያንኑ ሁሉ ጨረር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከዚያም ባነሰ፣ አንድ ላይ ያወርደዋል። እንዲህ ሲሆን ዕጢው ይሞታል፣ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ሥጋ ግን ይተርፋል ይባላል፤ ለምን እንደሚተርፍ በሙሉ አፉ የሚናገር ሰው እስካሁን አልተገኘም። ማሽኑ "በዚህ ቅጽበት ከፈትኩ፣ በዚህ ቅጽበት ዘጋሁ" ብሎ ስለራሱ ይመሰክራል። የማስተዋል ሥራ እሱን አለማመን ነው። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ መለኪያ አልጋው ላይ ታስቀምጥና፣ በረጅም ሽቦ ከወዲያኛው ክፍል ካለው ስክሪን ጋር አገናኝታ ታያለች። ጨረሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ብድግ ይላል፣ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፣ ሲዘጋም ይወድቃል። የዚያ ሜዳ ርዝመት ጊዜው ነው። ከሚገባው ከረዘመ ሰው ይቃጠላል።

ከባዱ በር ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሰው እስከ ውስጥ ድረስ ገብቶ፣ ከማሽኑ ጀርባ ባለው ጥግ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ መውጣት አለበት፤ ያ ካልተደረገ ጨረሩ አይለቀቅም። ውስጥ የቀረ ሰው እንዳይኖር የተሠራ ነገር ነው። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር አስናቀ በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨምረውበታል፤ ቁልፉን የሚጫነው ሰው "ሰው አለ?" ብሎ መጥራት፣ ከዚያም ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት። የቸኮለ ሰው ሳያይ ቁልፍ ሊጫን ይችላል፣ የጠራ ሰው ግን ሳይወድ በግድ ያዳምጣል ይሉ ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል ይህን ዘልሎ የሚወጣ የለም። እሳቸው ራሳቸው ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ወደዚያ ክፍል መግባት አቁመዋል። "እግሬን ያመኛል፣ አንቺ ግቢልኝ" ይሏታል፣ ደረጃውን ግን ከሷ ቀድመው ይወጡታል።

ማስተዋል አባቷን በልጅነቷ ነው ያጣችው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፊዚክስ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው እያለ ሁሉም ሲያሾፍባት፣ መጽሐፍ ያዋሷት፣ ደብዳቤ የጻፉላት፣ ኋላም ወደዚህ ማዕከል ያመጧት ዶክተር አስናቀ ናቸው። ጋሼ የምትላቸው ለወጉ አይደለም። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ሳንባቸውን ታመው ሳል ሌት ተቀን ሲያሰቃያቸው፣ ማሽኑ ገና በሙከራ ላይ እያለ ባልየው በድፍረት ከጨረሩ ሥር እንዳስተኟቸው ታውቃለች፤ ዝምም ብላለች። ሴትዮዋ ዳኑ። ሳሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድራሹ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ አንድ ቀን ሙሉ ለብቻቸው እዚያ ክፍል ውስጥ ሲለኩ ዋሉ፤ ሲወጡም ዕድሜ ልካቸውን ያልተለያቸውን ወፍራም መነጽር አላደረጉም። "የጽጌ መዳን ዓይኔን አበራው" ብለው ቀለዱ፣ ሁሉም ሳቀ።

ማስተዋልም የሳቀችው ተስፋ ስለነበራት ነው። ታናሽ ወንድሟ ናሆም ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ አለበት። ሽሮ ሜዳ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሸሹት፣ እሱም "ጆሮ ሳልቆርጥ በጊዜ መተው ይሻላል" ብሎ መቀሱን ሰቀለ። ሌላ ቦታ ያሳየቻቸው ሐኪሞች ሁሉ ፈጣሪ ያውቃል ብለው ሸኝተዋታል። ዶክተር አስናቀ ናቸው ስሙን ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ጋር ያስገቡላት።

"ያንቺ ማሽን ፀጉሬን ይላጨኛል እንዴ፣ እታለም?" አላት አንድ ቀን።

"ሙያህን አይቀማህም፣ አይዞህ።"

"ከምሬ ነው። እፈራለሁ።"

"እኔ ያልለካሁት ጨረር አይነካህም" አለችው። ይህን ስትል እውነቷን ነበር።

መስመሩ ላይ ያለውን ስርጉድ መጀመሪያ ያየችው ዝናብ ከላይ እየወረደ፣ ድምፁ ግን ወደ ታች በማይደርስበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መስመሩ ብድግ አለ፣ ሜዳውን ጀመረ፣ ከመካከሉ ላይ ሰርጎድ ብሎ ተመለሰና ጉዞውን ጨረሰ። ሽቦው ይሆናል ብላ ሽቦ ቀየረች። መለኪያዋን ቀየረች። መብራቱ ይሆናል ብላ በጄኔሬተር ሞከረች። ስርጉዱ እዚያው ነው። መለኪያዋን በስንዝር ያህል ወደ ጎን ስታዞራት ስርጉዱ ዘግይቶ መጣ። ይህን ጊዜ ሁለት መለኪያዎች ጎን ለጎን አድርጋ ደገመችው፤ መጀመሪያ አንደኛው ሰረጎደ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው።

የሚያልፍ ነገር ነው። በጨረሩና በአልጋው መካከል የሚገባ፣ ከማሽኑ ፊት በዝግታ የሚያልፍ ነገር። ያ ሁሉ የሚሆንበት ጊዜ ግን በጣም አጭር ነው፤ እንኳን የሰው እግር፣ የተወረወረ ድንጋይ እንኳ ያንን አልጋ አቋርጦ አይጨርስም። ቅጽበቷ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ የምትሰፋለት ፍጡር ካልኖረ በቀር። ይህን ስታስብ በመስታወቱ ወደ ባዶው ኮሪደር ዞራ አየች፣ በራሷም አፈረች።

ለዶክተር አስናቀ አሳየቻቸው። ስክሪኑን አይተው ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደባቸውም።

"የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ መስመሩን የሚያስተካክል ማለስለሻ አለልሽ፣ እሱን አብሪው።"

"ጋሼ፣ ረብሻ ከቦታ ቦታ አይሄድም እኮ።"

"ወንድምሽ ሰኞ ነው የሚገባው" አሉ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ይህን ከፍተን ምርመራ ከጀመርን ለመቼ እንደሚተላለፍ እኔም አላውቅም። ይተላለፍ ካልሽኝ ይተላለፋል።"

የናሆም እጅ በዓይኗ ላይ መጣባት፤ ሻይ ሲይዝ ሻዩ እየተደፋበት እንዳላየ ሆኖ ሲስቅ። ማለስለሻውን አበራችው። መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ፣ ስርጉድ የሚባል ነገር ኖሮም የሚያውቅ አይመስልም። የልኬቱ ውጤት ላይ ስሟን ጽፋ ፈረመች። ልቧ አልተቀበለውም፤ ቢሆንም ፈረመች።

በማግሥቱ ግን ነገሩ ጤና ስላልሰጣት፣ ማንም ሳያይ፣ ጨረር ሲያርፍበት የሚጠቁር ፊልም አልጋው ላይ ዘረጋች። ወደ ጥጉ ሄዳ ቁልፉን ተጫነች። "ሰው አለ?" አለች፤ ድምፅዋ ግድግዳውን ሳይገጭ የተዋጠ መሰላት፤ የውኃው ጉምጉምታ ብቻ ነበር፣ እሱም ቢሆን ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ የሚል ሆነባት። ወጥታ በሩን ዘጋች፣ ጨረሩን ለቀቀች። ፊልሙን ልታነሣ ስትመለስ መሐሉ ጥቁር ሆኗል፤ በጥቁሩ ውስጥ ግን ጨረር ያልደረሰበት የገረጣ ቦታ አለ። አራት ጣቶች፣ አውራ ጣት፣ የመዳፍ ግማሽ። መኪና እንደሚያስቆም ሰው የተዘረጋ እጅ ነበር።

ፊልሙን ይዛ እየሮጠች ወደ ዶክተሩ ቢሮ ወጣች። ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ስታስቀምጪው ነክተሽው ነው።"

"የኔ እጅ ይህን አያክልም፣ ጋሼ።"

ፊልሙን አጥፈው የጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ፊልም በጠርዙ እንጂ በሌላ በኩል አይያዝም፣ አሻራ እንኳ ያበላሸዋል ብለው እጇን መትተው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ስትወጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እኚህን ሰው እንደምትፈራቸው ታወቃት፣ በፍርሃቷም ውስጥ ቅሬታ ነበረበት።

በሽተኛ ቢጣራ ውጪ እንዲሰማ አልጋው አጠገብ ማይክሮፎን አለ፤ የሚሰማውንም ኮምፒውተሩ ይቀዳል። ጨረሩ በተለቀቀ ቁጥር ከድምፅ ማጉያው ጠብ የምትል ድምፅ ትወጣለች፣ ጣት እንደማጮህ ያለች፤ ሁሉም ሰምቷት ሁሉም ረስቷታል። ማስተዋል ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ያቺን ድምፅ በኮምፒውተሩ አዘግይታ ዘረጋቻት። ጠብታዋ መጀመሪያ ጩኸት ሆነች፣ ሲዘገይ ማጓራት ሆነች፣ እጅግ ሲዘገይ ደግሞ ማጓራቱ ለሁለት ተከፍሎ መሐሉ ላይ ትንፋሽ ገባበት። ከዚያ ሳል ተሰማ፤ ደረትን የሚቀድ፣ ደረቅ፣ በደንብ የምታውቀው ሳል። ከሳሉ በኋላም የእትዬ ጽጌ ድምፅ መጣ።

"ብርድ ነው... በሩን ክፈቱልኝ።"

የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጣለችው። ጸጉሯ ከማጅራቷ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ራሷን ሰበሰበች፤ እትዬ ጽጌ ቤታቸው ናቸው፣ ድነዋል፣ ትናንት ማታ እንኳ ስልክ ደውለው ሐሙስ ምሳ ካልመጣሽ እቀየማለሁ ብለዋታል። ሄዳ በዓይኗ ካየቻቸው ይህ ቅዠት ያበቃል ብላ አሰበች። ሐሙስን የጠበቀችው በዚህ ልብ ነው።

እትዬ ጽጌ ከበር ተቀበሏት። ፊታቸው ሞልቷል፣ ዓይናቸው ጠርቷል፣ ከታመሙ በፊት ከነበሩት እንኳ ያማሩ ናቸው። አቅፈው ሳሟት። ልብሳቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ፣ ጸጉራቸው ውስጥ መብረቅ የወደቀበት ሜዳ ሽታ ነበር። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ መጋረጃው ሁሉ ወርዷል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ባትሪው አልቆ ቆሟል፣ ወጥ ቤት በኩል የሳህን ድምፅ እንኳ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ምግብ ቀርቧል።

"እርስዎስ፣ እትዬ?"

"እኔ ጠግቤያለሁ፣ ብዪ።"

ከፊት ለፊቷ ተቀምጠው እያዩአት በላች። ዓይናቸው ከሷ አልተነቀለም፣ ሲጨፈንም አላየችም። ለሁለተኛ ጊዜ ስትጎርስ ነው ጸጥታውን የሰበሩት።

"ደስ ይበልሽ፣ ወንድምሽ ዛሬ ይድናል።"

"ሰኞ ነው ቀጠሮው።"

"እንግዲህ አስናቀ እስካሁን አስገብቶት ይሆናል" አሉ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው።

እጇን ከሳህኑ አነሣች። ምሳ ለምን እንደተጠራች፣ ስልኩ ለምን እንደተደወለ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተገለጠላት። ከቤት ወጥታ መኪና እስክታገኝ ድረስ ለናሆም ደወለች፣ ለዶክተሩ ደወለች፣ ማሽኑን ለምታንቀሳቅሰው ቴክኒሻን ደወለች፤ ከመሬት በታች ላለ ሰው ስልክ አይደርስም። ጉዞው አልቆ የማያልቅ ሆነባት። አባት ያለችው ሰው ምሳ አስጠርቶ እንዳታለላት ስታስብ ከፍርሃት ይልቅ በንዴትና በኃፍረት፣ ሾፌሩ እያየ አለቀሰች።

ናሆም ማረፊያ ክፍል ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሻይ ይዟል፣ በግራ እጁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ እንደ ረጋ ኩሬ ጸጥ ብሏል። ዕጢ በጨረር ቢመታ እንኳ እጅ በዚያው ቀን እንዲህ እንደማይረጋ እሷ ታውቃለች።

"ተሻለኝ" አላት። ፈገግ አለ። ፈገግታው ያለ እንከን ነበር፣ ሽታው ግን የዚያ ክፍል ሽታ ነው።

ዶክተር አስናቀ በሩ ላይ ቆመዋል። "እንኳን ደስ አለሽ" አሉ።

"በማን ፊርማ ነው ያስገቡት?"

"ባንቺ።"

ወደ ታች ወረደች፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች። የመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ቴክኒሻኗ የለችም፣ ወደ ቤት ሸኝተዋታል። የማከሚያው ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጥ ባዶ አልጋ፣ ከአልጋው ወዲያ ደግሞ መብራቱ የማይደርስበት ጨለማ። የናሆምን ሕክምና ድምፅ ከኮምፒውተሩ አወጣችና ጠብታዋን ዘረጋቻት። ከኋላዋ የዶክተሩ እርምጃ መጥቶ ቆመ፤ ዞራ አላየችም፣ እሳቸውም አልከለከሏት።

መጀመሪያ ትንፋሽ መጣ። ቀጥሎ የሚርበተበት፣ ልጅነት የተቀላቀለበት የወንድ ልጅ ድምፅ።

"እታለም? አልጨረሳችሁም እንዴ? ጨለማ ነው እኮ። እታለም፣ እጄ አልቆመልኝም..."

ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ናሆም ሲያለቅስ የሰማችው አባታቸው የተቀበሩ ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?" አለች ሳትዞር። "አባቴ ነበሩ እኮ። ሌላ ሰው ቢያደርገው እችለው ነበር። እርስዎ ግን... እያወቁ፣ እትዬ ጽጌን እዚያ ጥለው፣ በወንድሜ ደገሙት። እንደርስዎ ያለ ከሃዲ አይቼ አላውቅም።"

ከኋላዋ ያ ሽታ በረታ፤ ትከሻዋ ላይ ቀዝቃዛ መዳፍ ቀስ ብሎ አረፈ፣ ሌላው እጅ ደግሞ የድምፅ ማጉያውን ሊቀንስ በጎኗ በኩል ተዘረጋ። ቀድማው መቀነሻውን በመዳፏ ሸፈነችው። የናሆም ልቅሶ ቀጠለ፣ በመካከሉም አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሚያቃስት ሰው አጠገብ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ።

"አይዞህ ልጄ፣ እህትህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ያየችውን ነገር አታጠፋም" አሉ ዶክተር አስናቀ ከድምፅ ማጉያው፣ በዚያ ለዓመታት በሰማችው የደከመ ድምፃቸው፤ ከኋላዋ የቆመው ግን አፉን አልከፈተም ነበር።